ዘጠኝ ምርኩዝ

በአቃቂ ጋሽ አደሴ ያልተጣሉት ሰው ቢኖር ገና ያልተዋወቁት ነው ይባል ነበር። በብርድ ልብስ ፋብሪካው የማሽን ጠጋኝ ሆነው ዕድሜያቸውን ሲያሳልፉ ከአለቃ ተጣልተዋል፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተጣልተዋል፤ ከሻይ ቤቱ አሳላፊ ጋር በስኳር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጥተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ «ውሸታም» ብሏቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዲት ወጣት ልጅ በሰው ፊት ወደዚያ ቃል እስከምታስጠጋቸው ድረስ ማለቴ ነው።

ከፋብሪካው በስተጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው መሬት ላይ የጎልፍ ሜዳ አለ ብል የማያውቅ ሰው ይስቃል። ግን አለ። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ የአገሩ ናፍቆት ሲበረታበት ዘጠኝ ጉድጓድ አስቆፍሮ ባንዲራ አስተከለ። ጋሽ አደሴ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው የሥራ አስኪያጁን የኳስ መምቻ ዘንጎች ከረጢት ተሸክመው ሲከተሉ ጨዋታውን በዓይናቸው ተማሩ። ሰውዬው አብዮት ሲመጣ ሄደ። ዘንጎቹ ቀሩ። ካድሬዎቹ ጎልፍን የከበርቴ ጨዋታ ነው ብለው ሲዘልፉ ሠራተኞቹ «የሰፊው ሕዝብ ስፖርት» የሚል ሰሌዳ ጽፈው በሜዳው አጥር ላይ ሰቀሉና ነገሩ በዚያው ታለፈ።

ሜዳው እንደ ሌላው ዓለም ሜዳ አረንጓዴ አይደለም። በጉድጓዶቹ ዙሪያ ሣር የሚያጠጣ ውኃ ስለሌለ አሸዋ አፍስሰን በተቃጠለ የሞተር ዘይት እናርሰዋለን፤ ኳሷ በጥቁሩ አሸዋ ላይ ዝም ብላ ትንከባለላለች። አፈሩ መረሬ ነው። በጋ ሲሆን እየተሰነጣጠቀ ኳስ ይውጣል። በአንድ ወገን የመጋዘን ግንብ መጥቶ ተደግፎበታል። በግንቡ ማዶ ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ካቢናቸው ላይ ወጥተው ይመለከቱናል።

አሁን ወደ ምርኩዙ ልምጣ። በጎልፍ ኳሷን ባነሰ ምት ጉድጓዶቹ ውስጥ የከተተ ያሸንፋል፤ ብርቱውና ደካማው እኩል የሚወዳደሩበት ዘዴም አለ። ሜዳ የራሱ ልክ አለው፤ የኛን ሜዳ ሁለት ጊዜ ሲዞሩት ልኩ ሰባ ሁለት ምት ነው። አንድ ሰው በደህና ቀኑ በሰማንያ ስድስት የሚጨርስ ከሆነ፣ ከልኩ በላይ የሆነው አሥራ አራት ምት በውድድር ቀን ይቀነስለታል። ሌላው ዓለም «ሃንዲካፕ» ይለዋል። ለፋብሪካው ሠራተኞች ቃሉ አልመች ቢላቸው «ምርኩዝ» አሉት። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ያ ሰው «ድጋፍ» ወይም «ጉርሻ» ብሎት ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝም ነበር።

ጋሽ አደሴ ምርኩዝ አልነበራቸውም። በጉልምስናቸው ሜዳውን በልኩ ይጨርሱት ነበር፤ ምርኩዛቸው ዜሮ ነው። ይህን ዜሮ እንደ ማዕረግ ያዙት። ከሰው ጋር ሲያስተዋውቋቸው፣ «አደሴ እባላለሁ፣ ያለ ምርኩዝ ነው የምሄደው» ይላሉ፤ ጎልፍ የማያውቀው እንግዳ እግራቸውን ያያል። ምርኩዝ ያለውን ሁሉ ይሰድባሉ። ከሁሉም የሚከፉት በበሰቃ ገበያ የብረታ ብረት ሱቅ ባላቸው በአቶ ሻፊ ላይ ነበር። የአቶ ሻፊ ምርኩዝ አሥራ አራት ነው፤ መቶ የመቱ ቀን እንኳ መቶ ብለው በውጤት ካርዳቸው ጽፈው፣ ምርኩዝ ወደሚሰላበት የክለቡ ሳጥን የሚከቱ ሰው ናቸው።

«ሻፊ፣ ከጤና ጣቢያ ነው የምትመጣው?» ይሏቸዋል ጋሽ አደሴ።

«ወደዚያው ነኝ። ለአንተ አልጋ ልያዝልህ?» ይመልሳሉ አቶ ሻፊ።

ዕድሜ ግን መጣ። የጋሽ አደሴ ትከሻ እንደ ድሮው አልዞር አለ። ልኩ ሰባ ሁለት የሆነውን ሜዳ በሰማንያ፣ በሰማንያ አምስት መጨረስ ጀመሩ። ያኔ አንድ ቃል አገኙ፦ «ልምምድ»። ጨዋታው ደህና ከሄደላቸው ካርዱን ይሰጣሉ። ካልሄደላቸው መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ካርዱን ለሁለት ይቀድዱና፣ «የዛሬው ልምምድ ነው» ይላሉ። ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ዝም ይላል። ሌላ ክለብ ውስጥ አጭበርባሪ የሚባለው ደህና ውጤቱን ደብቆ ምርኩዝ የሚያበዛ ነው። መጥፎውን እየደበቀ ምርኩዝ ያጣ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ራሱን ሰረቀ ይባል ይሆን?

የተሰረቀው ግን ሌላ ሰው ነበር። በየዓመቱ በኅዳር የጥንድ ዋንጫ አለን። በየጉድጓዱ ከሁለቱ ጓደኛሞች የተሻለው ውጤት ይያዛል፤ ብዙ ጉድጓድ ያሸነፈው ጥንድ ዋንጫውን ይወስዳል። የጋሽ አደሴ ጓደኛ ጋሽ ገዳ ናቸው፤ የፋብሪካው የእንፋሎት ማሞቂያ ሠራተኛ የነበሩ፣ ቤተሰባቸው ፋብሪካው ሳይተከል ጀምሮ ከወንዙ ማዶ የኖረ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ሁለቱ በተከታታይ አራት ዓመት ለፍጻሜ ደርሰው በአንድ በሁለት ጉድጓድ ልዩነት ተሸንፈዋል። ጋሽ አደሴ እንደ አቅማቸው ምርኩዝ ቢይዙ ኖሮ አንዱንም ባልተሸነፉ ነበር። ጋሽ ገዳ ዋንጫውን አንድ ጊዜ እንኳ ቤታቸው አስቀምጠው አያውቁም።

እንዲህ እንዳለን አማረች የክለባችን ጸሐፊ ሆና ተመረጠች። አማረች ከቃሊቲ መጋዘኖች በአንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ አባቷ በበሰቃ ካልሲና ሸሚዝ እየሸጡ ያሳደጓት ልጅ። በመስከረም ስብሰባ ቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተነሥታ፣ «ልምምድ የሚባለው ከመጀመሪያው ምት በፊት ከተነገረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተነገረ አይሠራም፤ ካርዱም ይገባል» አለች።

ጋሽ አደሴ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ለሁሉም ነው።»

«ዓይንሽ ግን እኔ ላይ ነው።»

«ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ነው፣ ጋሽ አደሴ።»

አቶ ሻፊ ሳል አስመስለው ሳቁ።

«አባትሽ ካልሲ አንጠልጥሎ ሲዞር እኔ እዚህ ሜዳ ላይ ሰባ ሁለት እመታ ነበር» አሉ ጋሽ አደሴ።

«አባቴ ነግሮኛል። አሁን ስንት እንደሚመቱ ግን አልነገረኝም።» ከዚያ ወደ ጋሽ ገዳ ዞረች። «ጋሽ ገዳ፣ አብረዋቸው የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት። ከባለፈው ዋንጫ ወዲህ ልምምድ የተባለው የትኛው ነው?»

ጋሽ ገዳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። ሰው ሁሉ፣ «አላስታውስም» ይላሉ ብሎ ጠበቀ። ጋሽ አደሴም እንደዚያ ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ፊታቸውን ወደ እሳቸው እንኳ አላዞሩም።

«ሁሉም፣ ከደህናዎቹ በቀር» አሉ ጋሽ ገዳ።

ጋሽ ገዳ ግን አላበቁም። የተቀደዱትን ካርዶች ውጤት በቃላቸው ይናገሩ ጀመር፤ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ ሰባት፣ ዝናብ የያዘን ቀን ዘጠና። እያንዳንዱን እንዴት እንደያዙት ገረመኝ። ለካ ሰው የተበደለበትን ቁጥር አይረሳም። አማረች ስልኳ ላይ መታ መታ አድርጋ ቀና አለች።

«ዘጠኝ።»

«ምኑ?» አሉ ጋሽ አደሴ።

«ምርኩዝዎ።»

«መጥፎ መጥፎውን ለቅመሽ ብትደምሪ ዘጠኝ መች ያንሳል!»

«መጥፎውን አልደመርኩም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሃያ ጨዋታዎች ይወሰዳሉ፣ ከነሱ ምርጥ ስምንቱ ብቻ ይቆጠራሉ። አሥራ ሁለቱን ጥያቸዋለሁ። የስምንቱ አማካይ ሰማንያ አንድ ነው። ይሄ ዘጠኝ በድካም ቀንዎ የወጣ አይደለም፣ በደህና ቀንዎ የሚመቱት ነው።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ለማጽናናት ይመስለኛል። ምርኩዝ የድካም መለኪያ ሳይሆን አንድ ሰው ሲሳካለት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ቁጥር መሆኑን ልታስረዳ ነበር። ሒሳቡም ልክ ነው። ለጋሽ አደሴ ግን ከስድብ ሁሉ የከፋው ይኸው ሆነ። «በክፉ ቀኔ ነው ብትለኝ ጉንፋን ነበረኝ እል ነበር» ብለውኛል ቆይተው። «በደህና ቀንህ ነው ስትለኝ ምን ልበላት?»

ያን ዕለት ያሉት ሌላ ነው። ተነሥተው አንድ በአንድ አዩን። «ይህ ሁሉ ሽባ ተሰብስቦ እግር ያለውን ሰው አንካሳ ሊያደርግ ነው» አሉ። ጋሽ ገዳን ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «አንተማ ከወንዙ ማዶ ብትቀር ይሻል ነበር» አሏቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ጠጄ ነገሩን ከጎረቤት ነው የሰሙት። ማታ እራት ቀርቦ ጋሽ አደሴ እንጀራውን እየቆረሱ ሳይጎርሱ ሲቀሩ፣ «ለዘጠኝ ምት ነው እንዲህ የምትሆነው?» አሏቸው።

«ምርኩዝ ሰጡኝ እኮ ነው የምልሽ።»

«ቅዳሴ ስትቆም መቋሚያ ትይዝ የለም እንዴ? እዚያ ማን ሽባ አለህ?»

«ያ የእግዚአብሔር ቤት ነው።»

«እግዚአብሔር ፊት ተደግፈህ ሻፊ ፊት ቀጥ ልትል ነው? ብላ ይልቅ።»

አልበሉም። ወደ ሜዳውም መሄድ ተዉ። የኅዳሩ ዋንጫ ዕጣ ወጥቶ፣ ስማቸው ከጋሽ ገዳ ስም ጋር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ ይዘው ይቀመጣሉ። ማጣሪያውን ጋሽ ገዳ ብቻቸውን፣ አንድ ሰው ለሁለት ሆነው ተጫውተው በመከራ አለፉ። የፍጻሜው ሳምንት ግን ጋሽ አደሴ ቤት መጡ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝና ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ። ጋሽ ገዳ ግቡ ቢባሉም አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆሙ።

«እሑድ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«የሸጠኝ ሰው ደጄ ላይ ምን ይሠራል?»

«እኔ አልሸጥኩህም። አራት ዓመት ዜሮህን ተሸክሜ ዞርኩ፤ ከበደኝና አወረድኩት።»

«ማን ተሸከምልኝ አለህ?»

«እኔስ ያልኩት ያንን አይደል። አልጠየቅከኝም። እያንዳንዱን ካርድ ስትቀድ ዋንጫዬን ነው የቀደድከው፤ አጠገብህ ቆሜ ሳይ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ አላየኸኝም።»

ጋሽ አደሴ ጋዜጣውን አጠፉ። «ጨርሰሃል?»

«አንዲት ቀርታኛለች። እሑድ ከነምርኩዝህ ከመጣህ እንጫወታለን። ካልመጣህ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም አትበለኝ፤ አልመልስም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ አደሴ መጡ። ነጠላቸውን ለእትዬ ጠጄ ሰጥተው፣ ከረጢታቸውን ተሸክመው፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ የመጀመሪያው ጉድጓድ መነሻ ላይ ቆሙ። ተጋጣሚዎቹ አቶ ሻፊና እትዬ ፍቅርተማርያም ነበሩ። እትዬ ፍቅርተማርያም ጡረታ የወጡ የፋብሪካው ክር ፈታይ ናቸው፤ ኳሳቸው ሩቅ አይሄድም፣ ግን ከመንገዱ አይወጣም። ነጥብ ያዥዋ አማረች ናት።

በክለባችን አንድ ወግ አለ። ውጤቱን ተጫዋቹ ራሱ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ፣ በአፉ ይጠራል። መጀመሪያ የመታውን፣ ቀጥሎ ምርኩዝ ያለው ከሆነ ከምርኩዙ ጋር፦ «አምስት መታሁ፣ በምርኩዝ አራት።» ያልተጠራ አይጻፍም። ወጉ የመጣው ግማሹ ሠራተኛ ፊደል ባልቆጠረበት ዘመን ነው፤ ሁሉም በጆሮው ሰምቶ፣ የሚጣላም እዚያው ተጣልቶ እንዲያበቃ። የጋሽ አደሴ ዘጠኝ ምርኩዝ በሁለቱ ዙር ካሉት አሥራ ስምንት ጉድጓዶች አስቸጋሪ በሆኑት ዘጠኙ ላይ አንድ አንድ ምት ሆኖ ተደልድሏል። ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ ያንን ቃል ከአፋቸው ማውጣት አለባቸው።

ሦስተኛው ጉድጓድ የመጀመሪያው ነበር። የጋሽ ገዳ ኳስ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ተጋጣሚዎቹ በምርኩዝ አምስት ሆኑ። ጋሽ አደሴ በአምስት አስገቡ፤ ምርኩዙ ሲቀነስ አራት፣ ጉድጓዱ የነሱ ነው።

«አምስት» አሉ ጋሽ አደሴ። ቀጥሎ ወደ ሸሚዛቸው ኮሌታ የሆነ ነገር አጉረመረሙ።

«ከአምስት በኋላ ያለውን አልሰማሁም» አሉ አቶ ሻፊ።

«ያልሰማኸው ለአንተ ስላልተነገረ ነው።»

«ጋሽ አደሴ፣ ከፍ አድርገው ይድገሙት» አለች አማረች።

እሳቸው ዘንጋቸውን ይዘው ወደ አራተኛው መነሻ ሄደው ነበር። አማረች ጀርባቸውን አየች፤ ጋሽ ገዳን አየች፤ ከዚያ አምስት ብላ ጻፈች። ጉድጓዱ እኩል ተባለ።

ወደ አራተኛው ስንሄድ ጋሽ ገዳ ጋሽ አደሴን ደረሱባቸውና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን እኔ እንድሰማ ሆኖ፣ «አምስተኛውን ዋንጫዬን ቀደድክ» አሏቸው።

ስድስተኛው ላይ ነገሩ ተመልሶ መጣ። ጋሽ አደሴ በስድስት አስገቡ፤ ተጋጣሚዎቹ በምርኩዝ ስድስት ናቸው። አቶ ሻፊ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጋሽ አደሴ ጥቁሩን አሸዋ ዞረው ሄዱና አፍንጫቸው ሊነካካ ሲደርስ ቆሙ።

«ስድስት መታሁ፣ በምርኩዝ አምስት። ገባህ ወይስ በሚስማር ልምታልህ?»

«ገባኝ። ሚስማሩን ግን ከኔው ሱቅ ነው የምትገዛው» አሉ አቶ ሻፊ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አደሴ ምርኩዛቸውን ሲጠሩ ሰው የሚሳደብ ይመስል ነበር። ድምፃቸው ግንቡን ተሻግሮ ሾፌሮቹ ጋ ይደርሳል። «አባባ፣ ስንት አሉ?» ይላል አንዱ ከካቢናው ላይ። «በምርኩዝ አራት፣ ደንቆሮ» ይመልሱለታል። ጨዋታቸውም ተስተካከለ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጋሽ ገዳ ሁለት ጉድጓድ አሸነፉ፣ ጋሽ አደሴ ሁለት። ይሁንና እትዬ ፍቅርተማርያም በዝግታቸው እየለቀሙ ስለነበር የመጨረሻው መነሻ ላይ ስንደርስ የነሻፊ ጥንድ በአንድ ይመራ ነበር። ሦስተኛው ላይ የተዋጠችው ምት ብትጻፍ ኖሮ እኩል ነበሩ። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

መጨረሻው ላይ ጋሽ አደሴ ረጅም ኳስ ከጥቁሩ አሸዋ ጫፍ አስገቡ። «አምስት መታሁ፣ በምርኩዝ አራት» ብለው ጠሩ። እትዬ ፍቅርተማርያም ኳሳቸውን ገፋ አደረጓት፤ ገባች። «አምስት መታሁ፣ በምርኩዝ አራት» አሉ እሳቸውም፣ የጎረቤት ደህንነት በሚጠይቅ ሰው ድምፅ። ጉድጓዱ እኩል ሆነ። ዋንጫው ወደ በሰቃ ሄደ።

አቶ ሻፊ እጃቸውን ዘረጉ። «በዘጠኝ ምርኩዝህ ከዜሮህ ይልቅ አስፈራኸኝ፣ እውነቴን ነው» አሉ። ጋሽ አደሴ እጃቸውን ጨበጡ፤ ግን፣ «ሂድ ሱቅህን ክፈት» ብለው ነው።

ጋሽ ገዳ ከረጢታቸውን እያሰሩ ነበር። ጋሽ አደሴ አጠገባቸው ሄደው ቆሙ።

«በሦስተኛው ነው የተሸነፍነው» አሉ።

«ማወቅህን አውቃለሁ።»

«ለሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ዓመቱን ሙሉ ስፈልግ ነበር» አሉ ጋሽ ገዳ፣ ቀና ሳይሉ። «ያንተን ዘጠኝ የሚያህል የለም። የጠላሁት ሰውየውን ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ አጥር፣ አንዱ ሰማይ ያያል። እሑድ እሑድ ግን አብረው ይጫወታሉ፤ ከሌላ ሰው ጋር አይጫወቱም፣ ከውጤት ጥሪ በቀርም ቃል አይለዋወጡም። ካርድ የሚቀደድ የለም። አንዴ ዘጠና ሁለት የተጻፈበትን ካርድ ጋሽ አደሴ ራሳቸው ለአማረች ሲሰጧት አይቻለሁ፤ ልጅቷ አንብባ ምንም ሳትል ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፣ እሳቸውም ምንም ባለማለቷ ተቆጥተው ሄዱ።

ባለፈው ሰሞን የአዲሱ ዓመት ምርኩዝ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት ደጃፋቸው ላይ አግኝቻቸው ስንት እንደወጣላቸው ጠየቅኳቸው። ከጋዜጣቸው በላይ በመነጽራቸው አዩኝ።

«አሥራ አንድ» አሉኝ። «ምነው፣ አነሰህ?»